አሉሚኒየምን ማያያዝ፦ የሬዚንና የፍለክስ ታሪክ

አሉሚኒየም ተቆርጦ አዲሱ ገጹ አየር ባገኘው ቅጽበት ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ እጅ ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ በብሩሽ ተፍቆ ቢነሳም ወዲያው ይተካል። የአሉሚኒየም ድስትና የመስኮት ፍሬም ሳይዝጉ ዘመን የሚሻገሩት በዚህ ሽፋን ነው። ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጮችን አንድ ለማድረግ ለተነሳ ባለሙያ ግን ያው ሽፋን ዋነኛ እንቅፋት ይሆንበታል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ኦክሳይዱ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ውስጡ ውሃ ሆኖ ሳለ ላዩ ጠጣር እንደሆነ ይቆያል፤ ለማያያዣ የቀለጠው ቅይጥም ንጹሑን ብረት ሳያገኘው እየተድቦለቦለ ይቀራል።

ለዚህ እንቅፋት ሁለት ሙያዎች ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። አንደኛው መልስ ሰው ሰራሽ ሬዚን ነው። ሬዚን ሽፋኑን አይነቅልም፤ ራሱን ሽፋኑን መሠረት አድርጎ ይጣበቅበታል። ሁለተኛው ፍለክስ ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ሽፋኑን የሚያፈርስ ጨው። ፍለክስ የሚያስፈልገው ብሬዚንግ ለተባለው ሥራ ሲሆን፣ ይህም ዋናውን ብረት ሳያቀልጡ ከእሱ ቀድሞ የሚቀልጥ ቅይጥ በመጋጠሚያው ውስጥ አፍስሶ ማያያዝ ነው። ሁለቱ ሙያዎች ለብዙ ዓመታት ለየብቻ ኖረዋል፤ ባለሙያዎቻቸውም ፋብሪካዎቻቸውም የተለያዩ ነበሩ። ዛሬ ግን በአንድ የመኪና ራዲያተር ላይ፣ እንዲያውም በአንድ የቀለም በርሜል ውስጥ ተገናኝተዋል። ወደዚያ ያደረሳቸው መንገድ ከታች በቅደም ተከተል ቀርቧል፤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩ ባለቤት የሆኑ ሦስት ሰዎች በአንድ ዓመት፣ በ1863፣ መወለዳቸው የሚደንቅ ግጥምጥሞሽ ነው። እነሱም ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆልና ቤልጂየማዊው ሊዮ ቤክላንድ ናቸው። ሁለቱ የአሉሚኒየምን ዋጋ አረከሱ፤ ሦስተኛው ሬዚንን ፈጠረ።

በ1884 በዋሽንግተን የጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት ሲጠናቀቅ ጫፉ ላይ የተቀመጠው 2.8 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የአሉሚኒየም ቁራጭ ነበር። በዚያን ጊዜ አሉሚኒየም ከክቡር ማዕድናት ጎን የሚቆጠር ብርቅ ነገር ስለነበር ለአገሪቱ ታላቅ ሐውልት የሚመጥን ጌጥ ተደርጎ ታየ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ሆልና ኤሩ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ያንኑ ዘዴ አገኙ። ዘዴው አሉሚናን፣ ማለትም የአሉሚኒየምን ኦክሳይድ፣ በቀለጠ ክራዮላይት ውስጥ አሟሙቶ በኤሌክትሪክ መለየት ነው። ክራዮላይት ሶዲየም፣ አሉሚኒየምና ፍሎሪን ያለበት ማዕድን ሲሆን በዋናነት ይቆፈር የነበረው በግሪንላንድ ኢቪቱት በተባለ ስፍራ ነው። ብቻውን ከ2000 ዲግሪ በታች የማይበገረው ኦክሳይድ በቀለጠ ክራዮላይት ውስጥ ሲገባ በ1000 ዲግሪ አካባቢ ይሟሟል። ፍሎራይድ ጨው የአሉሚኒየምን ኦክሳይድ እንደሚያሸንፍ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየአሉሚኒየም ፋብሪካው በየቀኑ ይታይ ነበር። ብሬዚንግ ይህን እውቀት ሙሉ በሙሉ ለመጠቀም ግን ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

ቤክላንድ የተነሳው ከሌላ ችግር ነው። የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ እያደገ ሲሄድ ሽቦንና ጥቅልልን የሚከልል ነገር በብዛት ፈለገ። ለዚህ ያገለግል የነበረው ሼላክ ግን በሕንድና በአካባቢዋ ከሚገኙ ነፍሳት የሚሰበሰብ በመሆኑ አቅርቦቱ ውስን፣ ዋጋውም ውድ ነበር። የጀርመኑ ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር በ1872 ፌኖልን ከአልዴሃይዶች ጋር ሲያዋህድ ሬዚን መሰል ነገር አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ለኬሚስቱ ይህ ዕቃ የሚያበላሽ ዝቃጭ እንጂ ሌላ አልነበረም። ቤክላንድ በኒው ዮርክ አቅራቢያ በዮንከርስ በሚገኘው የግል ቤተ ሙከራው ያንን ዝቃጭ አሳልፎ የሚጥለው ሳይሆን የሚፈልገው ነገር አድርጎ ተነሳ። የደረሰበት ቁም ነገር ውህደቱን በሙቀትና በግፊት መግራት ነው። ሙቀቱ ውህደቱን ያፈጥነዋል፤ ግፊቱ ደግሞ የሚወጣው እንፋሎት ዕቃውን አረፋ እንዳያደርገው ያፍነዋል። የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በ1907 አስገባ፤ በየካቲት 1909 ግኝቱን ለአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ፤ በ1910 ባከላይት የተባለውን ዕቃ የሚያመርት ኩባንያ አቋቋመ።

ቤክላንድ ሬዚኑ የሚያልፍባቸውን ሦስት ደረጃዎች ለይቶ ማሳየቱ ለኢንዱስትሪው ከራሱ ግኝቱ የማይተናነስ ስጦታ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ ሬዚኑ ፈሳሽ ነው፤ ጨርቅ ወይም ወረቀት ሊነከርበት ይችላል። በሁለተኛው ይጠጥራል፤ ሲሞቅ ግን ገና ይለሰልሳል፤ ተፈጭቶ ከእንጨት ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቅርጽ ማውጫ የሚገባው በዚህ ደረጃ ነው። በሦስተኛው አንዴ ከጠነከረ በኋላ አይቀልጥም፣ አይሟሟም፤ እጅግ ቢሞቅ ይከስላል እንጂ አይፈስም። ፋብሪካዎች የሬዚኑን ሥራ ለሁለት ከፍለው አንዱ ዱቄቱን እያመረተ፣ ሌላው እየቀረጸ እንዲሠራ ያስቻለው ይህ የደረጃ እውቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ሬዚን ያልገባበት ሙያ ማግኘት ይከብዳል። ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት፣ የስልክ እጀታ፣ የመኪና ዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ የፍሬን ሸራ ማጠንከሪያ፣ የመሞረጃ ድንጋይ ማያያዣ ሆነ። ዛሬ ለጠረጴዛ ገጽ የሚውለው ፎርማይካ በ1913 ሲጀመር የኤሌክትሪክ መከለያ ነበር። በጀርመን ዮሐንስ ክሮኒንግ አሸዋን በፌኖል ሬዚን እየለበጠ ቀጭን የቀለጠ ብረት ማፍሰሻ ቅርፊት የሚሠራበትን ዘዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አወጣ። የፌኖሉ ታናሽ ወንድም ሊባል የሚችለው የዩሪያ ሬዚን ደግሞ ርካሽና ቀለም አልባ በመሆኑ የእንጨቱን ሥራ ወሰደ፤ ኮምፔርሳቶና ቺፕውድ በአብዛኛው የሚያያዙት በእሱ ነው።

ሬዚን ከእንጨት ወደ አሉሚኒየም የተሻገረው በአውሮፕላን አማካኝነት ነው። የእንግሊዙ ኖርማን ደ ብሩይን በ1934 በካምብሪጅ አቅራቢያ በዳክስፎርድ ኤሮ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ በ1937 ኤሮላይት የተባለ የዩሪያ ሬዚን ኮላ አወጣ። የዴ ሃቪላንድ ኩባንያ ሞስኪቶ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በኅዳር 1940 ሲሆን ገላው ከበርች ኮምፔርሳቶና ከባልሳ እንጨት የተሠራ ነበር። በመጀመሪያ ያጣበቀው ከወተት የሚወጣ የኬዚን ኮላ ነበር። ይህ ኮላ እርጥበትና ሻጋታ አይችልም፤ በሞቃትና ዝናባማ አገሮች ደግሞ ጉዳቱ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ነበር። በኤሮላይት መተካቱ አውሮፕላኑን ከዚህ አደጋ አሳርፎታል።

ደ ብሩይን እንጨትን በማጣበቅ ብቻ አልረካም። የአውሮፕላን ላሜራ በሪቬት ሲያያዝ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጭነት የሚከማችበት፣ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ኮላ ግን ጭነቱን በመላው ገጽ ላይ ያከፋፍላል። ችግሩ የፌኖል ሬዚን ብረትን በደንብ ቢይዝም ተሰባሪ መሆኑ ነው፤ ላሜራው ሲርገበገብ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዳክስፎርድ ላይ የተገኘው ሬዳክስ የተባለ ማጣበቂያ ይህን የፈታው ሁለት ሬዚኖችን በአንድ መጋጠሚያ ላይ በማገናኘት ነው። አንደኛው ፈሳሽ የፌኖል ሬዚን፣ ሁለተኛው ፖሊቪኒል ፎርማል የተባለ፣ ሲሞቅ የሚለሰልስና የማይሰበር ዱቄት ነው።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ላሜራው መጀመሪያ ከቅባት ይጸዳል። ከዚያ በክሮሚክና በሰልፈሪክ አሲድ ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ አሲዱ አሮጌውን፣ ቆሻሻ የያዘውንና ያልተስተካከለውን ኦክሳይድ አንስቶ በቦታው አዲስ፣ ጥብቅና ንጹሕ ኦክሳይድ ያበቅላል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ፈሳሹ ሬዚን በብሩሽ ይቀባል፤ ገና እርጥብ ሳለ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፤ ትርፉ ተራግፎ ይወድቃል። ሁለቱ ላሜራዎች ተገጣጥመው በ150 ዲግሪ አካባቢ በማተሚያ ስር ይቆያሉ። የፌኖሉ ሬዚን ሲጠነክር ውሃ ስለሚያወጣ ግፊቱ ግዴታ ነው፤ አለዚያ እንፋሎቱ መጋጠሚያውን ባዶ ቀዳዳ ያደርገዋል፤ ቤክላንድ የታገለው ያው እንፋሎት መሆኑ ነው። ከጠቅላላው ሂደት ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን የአሲዱ ገንዳ ነው። የሬዳክስ ጥንካሬ የሬዚኑን ያህል የገጹ ዝግጅት ውጤት ነው፤ በደንብ ያልታጠበ ላሜራ ላይ ምርጡ ሬዚን እንኳ ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል።

ሬዳክስ የታንክ ፍሪሲዮን ሰሌዳ ላይ ሽፋን ለማጣበቅ ከዋለ በኋላ ወደ ዴ ሃቪላንድ ሆርኔት ተዋጊ አውሮፕላን፣ ቀጥሎም በ1949 ወደ በረረው ኮሜት የጄት መንገደኛ አውሮፕላን ገባ። በ1955 የበረረው የሆላንዱ ፎከር ኤፍ 27 ደግሞ የተጣበቀ ላሜራን ዋና የአሠራር መንገዱ አደረገው።

በዚሁ ዘመን ሌላ ሬዚን ደረሰ። ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ መጨረሻ ለጥርስ ሕክምና ዕቃ ሲፈልግ የኢፖክሲ ሬዚን አሠራርን አገኘ፤ የባዝሉ ሲባ ኩባንያ መብቱን ገዝቶ በ1946 አራልዳይት በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ኢፖክሲ ሲጠነክር ውሃም ሆነ ሌላ ተረፈ ነገር አይወጣውም። ስለዚህ ከባድ ማተሚያ አያስፈልገውም፤ ሁለቱን ፈሳሾች አማስሎ ቀብቶ ማቆየት ይበቃዋል። ከትልልቅ ፋብሪካዎች ወጥቶ በየጋራዡና በየቤቱ የገባው በዚህ ጠባዩ ነው። ሲባ ራሱ ብዙም ሳይቆይ የዳክስፎርዱን ኩባንያ ጠቀለለ። ኢፖክሲ ከካርቦን ክር ጋር ተጣምሮ በመጨረሻ አሉሚኒየሙን ራሱን ከብዙ ቦታ አስለቅቋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ካለ ውህድ የተሠራ ነው።

ሬዚን ግን ወሰን አለው። ከፍተኛ ሙቀት አይችልም፤ ሙቀትንም አያስተላልፍም። ራዲያተር፣ ኮንደንሰርና የዘይት ማቀዝቀዣ የሚፈልጉት ደግሞ ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ የሚነካካበት መጋጠሚያ ነው። የብሬዚንግ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ማያያዣውን ቅይጥ አስቀድሞ በላሜራው ላይ መለበጥ ነበር። አሉሚኒየም ላይ ሲሊከን ሲጨመር የመቅለጫው ነጥብ ይወርዳል፤ ሲሊከኑ 12.6 በመቶ ሲደርስ 577 ዲግሪ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከማንጋኒዝ ጋር የተቀየጠ ጠንካራ ላሜራ በአንድ ወይም በሁለት ገጹ ላይ 10 በመቶ ያህል ውፍረት ባለው የሲሊከን ቅይጥ ተለብጦ ይዳመጣል። እቶኑ 600 ዲግሪ ሲደርስ ልባጩ ይቀልጣል፤ ውስጡ ግን ቅርጹን እንደያዘ ይቆማል። የቀለጠው ልባጭ በራሱ የመሳብ ኃይል ወደየመጋጠሚያው ይሰበሰባል። በአንድ ራዲያተር ላይ ያሉ እጅግ ብዙ መጋጠሚያዎች በአንድ ጊዜ፣ የሰው እጅ ሳይነካቸው የሚያያዙት እንዲህ ነው። በ600ና ዋናው ላሜራ መቅለጥ በሚጀምርበት መካከል ያለው ልዩነት ከ50 ዲግሪ ያህል የማይበልጥ በመሆኑ የእቶን ሠራተኛ ለስህተት ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

ኦክሳይዱን ለማፍረስ መጀመሪያ ያገለገሉት ፍለክሶች የሶዲየም፣ የፖታሲየም፣ የሊትየምና የዚንክ ክሎራይዶች ቅልቅል ሲሆኑ ጥቂት ፍሎራይድ ይጨመርባቸው ነበር። ዕቃው በዱቄቱ ተቀብቶ ወደ እቶን ይገባል፤ ወይም በቀለጠው ጨው ገንዳ ውስጥ ይነከራል። አየርን አቀዝቅዞ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ለሚለዩ ፋብሪካዎች የሚሆኑ ትልልቅ የሙቀት መለዋወጫዎች በዚህ የገንዳ ዘዴ ተሠርተዋል። ዘዴው ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የክሎራይድ ቅሪት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ ክሎራይድ ደግሞ ያንን ጠባቂ ኦክሳይድ እየበሳ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ከእቶን ሲወጣ በሙቅ ውሃና በአሲድ ደጋግሞ መታጠብ ነበረበት። በጠባብ ቱቦ ጥግ የቀረች ጥቂት ጨው ራዲያተሩ ከወራት በኋላ እንዲያፈስ ታደርጋለች። ወደ ቀለጠው ገንዳ እርጥብ ዕቃ ማስገባትም የጨው ፍንዳታ ያስከትላል፤ የገንዳ ሠራተኞች በዚህ አደጋ ዳር ይሠሩ ነበር።

ሌላው አማራጭ ቫክዩም ነበር። አየሩ በተመጠጠበት እቶን ውስጥ ልባጩ ላይ የተጨመረ ማግኒዚየም እየተነነ የኦክሳይዱን ሽፋን ይሰባብራል፤ የቀረውንም ኦክስጅንና እርጥበት ይጠርጋል። ፍለክስ አያስፈልግም፣ እጥበትም የለም። ነገር ግን እቶኑ ውድ ነው፤ ጥቃቅን ፍሳሽና ትንሽ ቆሻሻ ሥራውን ያበላሹታል።

መፍትሔው በ1970ዎቹ ከካናዳው የአሉሚኒየም ኩባንያ ከአልካን መጣ። ኖኮሎክ በሚል ስም የታወቀው ይህ ፍለክስ ፖታሲየም ፍሎሮአሉሚኔት ነው፤ ክሎራይድ የለበትም። በኬሚስትሪ የክራዮላይት የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሶዲየም ቦታ ፖታሲየም ገብቶበታል። ሆልና ኤሩ አሉሚናን ያሟሙበት የጨው ቤተሰብ ማለት ነው። ዱቄቱ በ565ና በ572 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ልባጩ ደግሞ በ577 ይከተላል። ይህ መቀዳደም የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ፍለክሱ ቀድሞ ቀልጦ ገጹን ያጸዳል፤ ጥቂት ዲግሪ ቆይቶ ልባጩ ሲቀልጥ ንጹሕ ብረት ይጠብቀዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚቀረው ቅሪት ከሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት ሺሕኛ ውፍረት ያለው ግራጫ ሽፋን ነው፤ እርጥበት አይስብም፣ አሉሚኒየሙንም አይበላም፤ ስለዚህ አይታጠብም።

አዲሱ ፍለክስ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ግራም ብቻ ይበቃዋል። ይህን ያህል ጥቂት የሚበቃው ግን እቶኑ በናይትሮጅን ከተሞላ ነው፤ ኦክስጅኑ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ100 እጅ በታች መሆን አለበት፤ ጋዙም ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ጤዛ የማይጥል ደረቅ መሆን ይኖርበታል። አንድ ጠላትም አለው፤ በቫክዩም እቶን ረዳት የነበረው ማግኒዚየም እዚህ መርዝ ይሆናል። ከፍለክሱ ፍሎራይድ ጋር ተዋህዶ በቀላሉ የማይቀልጥ ጨው ስለሚፈጥር ፍለክሱ ሥራውን ሳይጨርስ ያልቃል። ማግኒዚየም ለአሉሚኒየም ጥንካሬ ስለሚሰጥ ይህ ገደብ ንድፍ አውጪዎችን እስከ ዛሬ ያስቸግራል።

ፍለክሱ የደረሰበት ጊዜ ምቹ ነበር። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የመኪና አምራቾች ክብደት ለመቀነስ ይሽቀዳደሙ ነበር። እስከዚያ ራዲያተር ማለት በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተበየደ መዳብና ነሐስ ነበር። አሉሚኒየሙ ቦታውን ሲይዝ ሬዚን ከሌላ በር ገባ። የአሉሚኒየሙ ልብ ከእቶን ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የውሃ መያዣዎቹ ከላይና ከታች፣ ወይም ከግራና ቀኝ፣ ይገጠሙለታል፤ እነሱም የብርጭቆ ክር ካለበት ናይሎን የተቀረጹ ናቸው። ናይሎን የ600 ዲግሪ እቶን ስለማይችል ከእቶኑ በፊት መግባት አይችልም። ስለዚህ በመካከል የጎማ ማሸጊያ ተደርጎ የአሉሚኒየሙ ጠርዝ በጥርስ በጥርስ ታጥፎ ይነክሰዋል። የድሮው መዳብ ራዲያተር ሲያፈስ በካውያ ይጠገን ነበር፤ አዲሱ ሲሰነጠቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው መቀየሩ ነው። ክብደት የቀነሰው ዕቃ ለጥገና ባለሙያው የተወው ሥራ ትንሽ ነው።

ሬዚንና ፍለክስ በአንድ በርሜል የተገናኙት ደግሞ በቀለም መልክ ነው። መጀመሪያ ፍለክሱ በውሃ ተበጥብጦ በመላው ራዲያተር ላይ ይረጭ ነበር፤ ሲደርቅ ግን እንደ አቧራ ይረግፋል፤ የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል፤ ወደማይፈለግበትም ይገባል። ስለዚህ ዱቄቱን በሬዚን አያይዞ በሚፈለገው ቦታ ብቻ እንደ ቀለም መቀባት ተጀመረ። ቱቦዎች ከመገጣጠማቸው በፊት በፍለክስ፣ አንዳንዴም በሲሊከን ዱቄት ጭምር፣ ተቀብተው ይመጣሉ።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሬዚን የባከላይት ተቃራኒ ነው። በናይትሮጅን እቶን ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ሬዚን ሊቃጠል አይችልም፤ ፌኖል ሬዚን ቢገባ ከስሎ በመጋጠሚያው ላይ ጥቁር ካርቦን ይተዋል፤ የቀለጠው ቅይጥም በካርቦን ላይ አይፈስም። አክሪሊክ ሬዚኖች ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ ረጅም ሰንሰለታቸው እየተፈታ ወደተሠሩበት ትንንሽ ሞለኪውል ይመለሳሉ፤ ተነውም ይወጣሉ። ዕቃው 565 ዲግሪ ሲደርስ ሬዚኑ የለም፤ በቦታው የቀረው ፍለክስ ብቻ ነው።

ሁለቱም ሙያዎች ለሠራተኛ ጤና የሚጠይቁት ጥንቃቄ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የፌኖልና የዩሪያ ሬዚኖች የሚሠሩበትን ፎርማልዴሃይድ በ2004 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ስለዚህ ከቺፕውድና ከኮምፔርሳቶ የሚወጣው ጋዝ በብዙ አገሮች በሕግ ተገድቧል። የብሬዚንግ እቶን ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ከፍለክሱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ወደ ውጭ ከመለቀቁ በፊት አሉሚና በተሞላ ማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል።

የኤሌክትሪክ መኪና መምጣት ለዚህ ሙያ አዲስ ሥራ ሰጥቶታል። የባትሪ ጥቅሎች ሥር የሚነጠፉት ውሃ የሚዘዋወርባቸው የማቀዝቀዣ ሰሌዳዎች በብዛት የሚሠሩት ከተለበጠ አሉሚኒየም በናይትሮጅን እቶን ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ወደ አገር ከሚገቡት መኪኖች ጋር እነዚህ ሰሌዳዎችም አብረው ይመጣሉ። ሰሌዳዎቹ ባትሪውን ስለሚሸከሙ ጠንካራ፣ ማለትም ማግኒዚየም ያለበት፣ ቅይጥ ይፈለግላቸዋል። ለእንዲህ ያለው ላሜራ ሲዚየም የተጨመረበት ፍለክስ ይረዳል፤ ሲዚየም ማግኒዚየሙን አስቀድሞ ይዞ ጉዳቱን ይቀንሳል። ሲዚየም ግን ብርቅና ውድ ማዕድን በመሆኑ እስካሁን ድረስ የሚጨመረው በጥቂቱና በሚያስፈልግበት መጋጠሚያ ብቻ ነው።